አንዲት እናት፣ አንድ የምጥ አጋር

ሰኞ ፫

በሚቀጥለው ክፍል ጋዜጣ ፊትህ ላይ ዘርግተህ የተኛህ ክቡር ባለቤቴ፤ ለረጅም ዘመን ያገለገልከኝ የተከበርክ ጠረጴዛዬ፤ የተከበራችሁ መነጽሬና የደም ግፊት ክኒኔ፤ እንዲሁም ጥሪ ሳይደርስሽ በመስኮት የገባሽ ዝንብ፤ ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብተር ስከፍት የሚሰማኝ ደስታ ከፍ ያለ ነው። ዕድሜዋን ስብሰባ በመክፈት የፈጀች ሴት ደብተርም ስትከፍት ሌላ ቋንቋ አይመጣላትም፤ ይታለፍልኝ። የመጻፉ ሐሳብ የባለቤቴ ነው። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ስለሆነ ቤት ውስጥ ሁላችንም «መምህሩ» እንለዋለን። ትናንት እራት ላይ የምክር ቤቱን ጉዳይ ሳስረዳው ማንኪያውን አስቀምጦ፣ «የኔ እመቤት፣ ለወረቀት ንገሪው። ወረቀት ሾርባ አይቀዘቅዝበትም» አለኝ።

ጉዳዩ ይህ ነው። የአዋላጆች ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ከሆንኩ ጀምሮ ስከራከርለት የኖርኩት፣ ሴት ልጅ በምጥ ጊዜ ብቻዋን ግድግዳ ስታይ መዋል የለባትም የሚለው ነው። እጇን የሚይዝላት፣ ወገቧን የሚያሽላት፣ ውኃ የሚያቀብላት አንድ የራሷ ሰው ያስፈልጋታል። እኛ «የምጥ አጋር» እንለዋለን። ዘንድሮ ትልቁ ሆስፒታል ለአንድ ወቅት እንዲሞክረው ተስማማ። ወቅቱ ሲያልቅ ጠቅላላ ጉባኤው ድምፅ ይሰጣል። ካለፈ በየማዋለጃ ክፍሉ ደንብ ይሆናል፤ ከወደቀ ሴቶቻችን ወደ ግድግዳቸው ይመለሳሉ። ዋናውን አንቀጽ ያረቀቅሁት እኔው ነኝ፦

«ወላዷ ራሷ የመረጠችው አንድ የምጥ አጋር ብቻ ወደ ክፍሉ ይገባል። ማንም ሰው፣ ዘመድም ሆነ ባለሙያ፣ ስለ ምርጫዋ ሊጠይቃት፣ ሊገፋፋት ወይም ሊቃወማት አይችልም።»

ይህን ባነበብኩ ጊዜ አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ።

ለነገሩ ብቸኛዋ ልጄም በዚሁ ወቅት ማብቂያ፣ በዚሁ ሆስፒታል ትወልዳለች። ማንን እንደምትመርጥ እስካሁን አላነሣችልኝም። ግልጽ ስለሆነ ይሆናል።

ረቡዕ ፭

ስብሰባ፣ ምረቃ፣ ደግሞ ስብሰባ። ምሳ ብስኩት። ልጄ ደወለች። የሕፃን ጋሪ ቀለም፤ ግራጫ ወይስ ሰማያዊ? ሰማያዊ አልኳት። ሌላ የምትጠይቂኝ ነገር አለ? የለም አለች። እኔም አልጠየቅሁም። አንቀጹ ይከለክላል።

እሑድ ፱

ልጄ ቤት ምሳ ተጋብዘን ዋልን። ባሏ የእንስሳት ሐኪም ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ እጁ ሰፊ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፤ ከላምና ከበሬ ጋር ስለሚውል መቸኮል አያውቅም። እናቱ ልብስ ሰፊ ናቸው። መርፌ በከንፈራቸው ይዘው እንኳ ወሬ አይቋረጥባቸውም።

ልብስ ሰፊዋ ገና ሳይቀመጡ ከቦርሳቸው አንድ አረንጓዴ ጋዋን መዘዙ።

«ለማዋለጃ ክፍሉ የሚለበሰውን ሰፋሁ» አሉ።

«ለማን?» አልኳቸው።

«ለሚገባው ሰው ነዋ፣ እትዬ።»

«ልኩ የማን ነው?»

«እንዲያው በግምት ነው። የኔው ልክ ቅርብ ስለነበር…»

መምህሩ ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው። እኔ በበኩሌ ነገሩ በጨዋ መንገድ እንዲሄድ በማሰብ ደንቡን ለገበታው አስረዳሁ፤ ወላዷን ማንም እንዳይገፋፋ አጥብቄ አሳሰብኩ። ይህን ስናገር የልጄን እጅ በሁለት እጄ ይዤ ነበር ይላል መምህሩ። አላስታውስም።

ልጄ እጇን አስለቅቃ ሳህን ማንሣት ጀመረች። «ሆስፒታሉ በዕለቱ በር ላይ ስም እንድሰጥ ነው የነገረኝ። ያኔ እሰጣለሁ።»

«እስከዚያስ?» አልን እኔና ልብስ ሰፊዋ በአንድ አፍ።

«እስከዚያ ብሉ።»

አማቼ ነገሩን ለማለዘብ ይመስለኛል፣ «ላም እኮ ስትወልድ ሰው ከበዛባት ምጧን ትይዘዋለች። ዞር ብሎ ዝም ማለት ነው» አለ።

«ልጄ ላም አይደለችም» አልኩ።

«አይ እማማ፣ እኔ ላሟን ነው ያልኩት።»

ሰው ሲበዛ ምጥ እንደሚዘገይ እኔም በየመድረኩ የምናገረው እውነት ነው። በላም በኩል ሲመጣ ግን ደስ አላለኝም።

ማክሰኞ ፲፩

ከማዋለጃ ክፍሉ ኃላፊ ጋር ተገናኘን። ሁሉም «ፕሮፌሰሩ» ይሏቸዋል። ደንቡን ከሚቃወሙት ሰዎች መካከል በጣም የማከብራቸው ናቸው፤ ይህም ነገሩን ያከብደዋል።

«ክብርት ፕሬዚዳንት፣ ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት የታወቀ ነው» ብለው ጀመሩ። እንዲህ ሲጀምሩ ነገር አለ። «ባለፈው ሳምንት አንዱ ባል ገባና ራሱን ስቶ ወደቀ። እናቲቱ አንድ ስፌት እንኳ ሳያስፈልጋት የባልየውን ግንባር ሰፋን። ይህ ማዋለጃ ነው ወይስ ድንገተኛ ክፍል?»

«ወንበር ይሰጠው፣ ፕሮፌሰር። የተቀመጠ ሰው ከከፍታ አይወድቅም።»

«ሌላዋ ደግሞ በእናንተ ምክር ቆሜ እወልዳለሁ አለች። እርሷ ቆመች፣ እኔ ተንበረከክሁ። ልጁ ወጣ፤ እኔ መነሣት አቃተኝ። ሁለት አዋላጆች በብብቴ ይዘው ሲያነሡኝ እናቲቱ “አይዞዎት ዶክተር፣ ትንሽ ነው የቀረዎት” ትለኛለች።»

ሴትን በጀርባዋ ያስተኛት የሐኪም ምቾት እንጂ የምጥ ጠባይ እንዳልሆነ፣ የተደላደለ እርግዝና ያላት እናት በሚመቻት አኳኋን ብትወልድ የሚደገፍ መሆኑን በጥናት አስደግፌ ገለጽኩላቸው። «እኔም ማስረጃ አለኝ» አሉና የሱሪያቸውን እግር ሰብስበው ጉልበታቸውን አሳዩኝ። አብጧል።

በቁም ነገር ያነሡት ግን አንድ አለ። አልጋዎቹን የሚለያቸው መጋረጃ ብቻ ነው፤ የአንዷ አጋር ለሌላዋ ባዕድ ነው። «ይህን መልሱልኝ» አሉ። ልክ ናቸው። ጠንካራ ክፍልፋይ እንዲሠራ በረቂቁ ውስጥ አስገባሁ።

ወደ በሩ ሲሸኙኝ፣ «ለመሆኑ የእርስዎ ልጅ ማንን መረጠች?» አሉኝ።

«ደንቡ መጠየቅን ይከለክላል።»

«እርሷን መጠየቅን ነው የሚከለክለው። እኔ የጠየቅሁት እርስዎን ነው።»

ሰዓቴን አየሁና ስብሰባ እንዳለኝ አስታወስኩ። አልነበረኝም።

ዓርብ ፲፬

ነፍሰ ጡሮች ተቀምጠው ወገባቸውን የሚያፍታቱበትን ትልቅ የላስቲክ ኳስ ባለፈው ለልጄ ልኬላት ነበር። ዛሬ ነፋሱን ልፈትሽ ጎራ አልኩ። ኳስ በየጊዜው መፈተሽ አለበት።

አማቼ ተቀምጦበት የእግር ኳስ ጨዋታ ያያል። ቡድኑ ባጠቃ ቁጥር ይዘላል፤ ግብ ሲገባ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ልጄ ሶፋው ላይ ተጋድማ ብርቱካን ትበላለች።

«ኳሱ ለማን ነው የተላከው?» አልኩ።

«እሱ ሲቀመጥበት እኔን ያዝናናኛል። ዓላማው መዝናናት አይደል፣ እማዬ?»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምንም አልጠየቅሁም። እንደ አጠቃላይ እውቀት ብቻ፣ በምጥ ጊዜ የምታውቂው፣ የለመድሽው፣ በተለይም ልምድ ያለው እጅ ሲነካሽ ሰውነት እንደሚረጋ ነገርኳት።

«እማዬ፣ ይህ ጥያቄ ነው ወይስ ንግግር?»

«መረጃ ነው።»

«ንግግር ከሆነ ላጨብጭብ ብዬ ነው።»

ነፋሱ ደህና ነው።

ሰኞ ፲፯

ረቂቁን ሳነብ ክፍተት አገኘሁበት። ከግል ጉዳይ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ እንደ ሕግ አርቃቂ የታየኝ ክፍተት ነው። ስለዚህ ንዑስ አንቀጽ ሦስትን ጨመርኩ፦

«ሆኖም የወላዷ የቅርብ ዘመድ በሙያዋ አዋላጅ የሆነችና በዘርፉ ከፍተኛ ኃላፊነት ላይ የምትገኝ ከሆነ፣ ከአጋሩ በተጨማሪ ለሙያዊ ምልከታ ልትገባ ትችላለች።»

ምክትሌ ሁለት ጊዜ አነበበው። እርሱም አዋላጅ ነው፤ እናቶች መጀመሪያ ሲያዩት «ወንድ ነው እንዴ?» ይላሉ፣ በኋላ ልጃቸውን በስሙ ይጠራሉ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ክብርት፣ ይህ ንዑስ አንቀጽ ስንት ሰው ይመለከታል?» አለኝ።

«ሕግ በሰው ብዛት አይመዘንም።»

«እሱስ ልክ ነው። እንዲያው ከአንድ ይበልጥ እንደሆነ ብዬ ነው።»

ማታ ለመምህሩ አነበብኩለት። መነጽሩን አውልቆ፣ «የጫማ ቁጥርሽ ነው የቀረው እንጂ ሙሉ ነው» አለኝና ወደ መኝታው ገባ።

ብቻዬን ሳስበው፣ ይህን ያህል ዘመን የሰው ልጅ ተቀብዬ ለገዛ ልጄ በር ላይ መቆም ምን የሚሉት ፍርድ ነው? ይህን ለራሴ ብቻ ነው የጻፍኩት። ነገ አንቀጹን ሳነበው በሕግ ዓይን ብቻ አነበዋለሁ። ልጄን ከሁሉም በላይ የማውቃት እኔ ነኝ፤ ስትወለድ በግራ እጇ ጆሮዋን ይዛ ነው የመጣችው። ይህን የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም የት አለ?

ሐሙስ ፳

ልብስ ሰፊዋ ቢሮዬ መጡ። ጸሐፊዬ «ቀጠሮ አለዎት?» ብትላቸው «ቀጠሮ ያለኝ ከልጅ ልጄ ጋር ነው» ብለው አለፏት።

ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው። ለጥቂት ጊዜ ስለ አየሩ ተነጋገርን። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብለው፣ «እትዬ፣ እንደ እህት ንገሩኝ። እርስዎ ነዎት አይደል?» አሉኝ።

«እኔ እርስዎ ነዎት ብዬ ነበር።»

«ኧረ እኔ አይደለሁም! ስጠይቃት “ጋዋኑ ያምራል” ብላ አለፈችኝ።»

«እኔንም “ላጨብጭብ” ብላ አልፋኛለች።»

እንግዲህ ደንቡን ተላልፈው ጠይቀዋታል ማለት ነው። ልገሥጻቸው ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን የሰጡኝ መረጃ ጠቃሚ ሆኖ አገኘሁት። ሁለታችንም ካልሆንን የቀረው አንድ ሰው ነው። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

«ልጄን እንዳይሆን!»

«ባሏን? መቼም ላም የሚያዋልድ ሰው ደም አይፈራም…»

«የላሟን ደም ይችለዋል። የሰው ደም ነው የማይሆንለት። በልጅነቱ የገዛ ራሱን ነስር አይቶ ወድቆብኛል።»

ሻይ አስመጣሁላቸው። ከረጅም ጊዜ በኋላ የልብ ወሬ ያወጋሁበት ከሰዓት ነበር። ሲወጡ ትከሻዬን በዓይናቸው ለክተው፣ «ለማንኛውም ሁለተኛ ጋዋን እሰፋለሁ» አሉኝ።

ቅዳሜ ፳፪

አማቼን ለሥልጠና ጠራሁት። ዓላማዬ ሥራው ከባድ መሆኑን በወዳጅነት እንዲረዳውና ራሱን እንዲያገል ነበር። አይ፣ ዓላማዬ እንዲዘጋጅ ነበር። ከሹራብ የተሠራውን የማስተማሪያ ማሕፀንና አሻንጉሊቱን አመጣሁ። አሻንጉሊቱን ከጭንቅላቱ ደግፎ ሲቀበል «ጎሽ፣ ጎሽ የኔ አበባ» አለው። አያያዙ እንከን አልነበረውም። በጣም አሳሰበኝ።

ስለዚህ ከባዱን ፈተና አመጣሁ። ትራስ ሆዴ ላይ አስሬ ምንጣፉ ላይ በአራት እግሬ ሆንኩና፣ «አሁን እኔ ወላድ ነኝ፤ ወገቤ ሊበጠስ ነው፤ ምን ታደርጋለህ?» አልኩት። አጎንብሶ በሰፊ መዳፉ የወገቤን ታች ተጫነው፤ ቀስ ብሎ፣ ከትንፋሼ ጋር እያስማማ። አንድም ቃል አልተናገረም።

ስነቃ ብርድ ልብስ ለብሻለሁ። ትራሱ አሁንም ሆዴ ላይ ነው። መምህሩ ከበሩ ሆኖ፣ «ክብርት ፕሬዚዳንት፣ ወንድ ነው ሴት?» ይለኛል።

በሙያ ዘመኔ በምጥ መካከል ያንኮራፋች እናት አላየሁም። የመጀመሪያዋ ራሴ ሆንኩ።

ማክሰኞ ፳፭

በማዋለጃ ክፍሉ ኮሪደር ሳልፍ ከመጋረጃ ጀርባ ሁለት አዋላጆች ሲያወሩ ሰማሁ።

«ክብርት ለልጃቸው አንቀጽ እያሰፉ ነው አሉ።»

«እኔ ወደ እናቴ ሳሎን እንኳ የምገባበት አንቀጽ የለኝም።»

«ዝም በይ ባክሽ፣ ጫማቸው ይሰማል።»

ጫማዬ አይጮህም ነበር። ሌላ፣ የሚጮኽ ጫማ እገዛለሁ።

ንዑስ አንቀጹን ላወጣው አሰብኩ። እስክሪብቶ አነሣሁ። ነገ በተረጋጋ መንፈስ ላየው ወሰንኩ።

ዓርብ ፳፰

ቀኑን ባላነሣው እወድ ነበር። ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት ወጥቶ የነበረ ሲሆን ዛሬ ሥራ አስፈጻሚው የመጡትን አስተያየቶች ሰማ። ምክትሌ አንድ በአንድ ያነባል። ስለ ወንበር፣ ስለ ክፍልፋይ፣ ስለ ንጽሕና። ከዚያ ቆመ። ውኃ ጠጣ።

«ቀጥል» አልኩት።

«ክብርት፣ ይህኛው አጭር ነው። በኋላ በጽሑፍ…»

«አስተያየት ሰጪዎችን ማክበር የምክር ቤታችን ባህል ነው። አንብብ።»

አነበበ፦ «“ንዑስ አንቀጽ ሦስት እናቴን ትመስላለች። ከአክብሮት ጋር፣ አንዲት ነፍሰ ጡር።”»

አዳራሹ ውስጥ የሁሉም ሰው እስክሪብቶ በአንድ ጊዜ ወደቀ። ሁሉም ሊያነሣ ጠረጴዛ ሥር ገባ፤ ጠረጴዛውም ይንቀጠቀጥ ጀመር። እኔ ብቻዬን ቀና ብዬ ተቀምጬ፣ «አስተያየቱ ተመዝግቧል፤ ወደሚቀጥለው እንለፍ» አልኩ። ድምፄ የተለመደ ነበር። ጆሮዬ ግን ይግል ነበር።

ማታ ለልጄ አልደወልኩላትም። እርሷ ደወለች።

«እማዬ፣ ተቆጣሽ?»

«ዜጎች አስተያየት የመስጠት መብት አላቸው።»

«እራት በላሽ?»

«አልበላሁም።»

«ብዪ እሺ? የኔ ቆንጆ።»

ስልኩን ስዘጋ ያልጠየቅሁትን ጥያቄ በእጄ ይዤ ቀረሁ። ለምንድን ነው የማትነግረኝ? ምን አድርጌባት ነው? የእግሯን እብጠት የምፈትሸው፣ የምትበላውን የምጠይቀው፣ ስትተኛ በግራ ጎንሽ የምላት፣ ለማን ብዬ ነው?

ዓርብ ፭፣ አዲሱ ወር

ጉባኤው ተቃረበ። የመክፈቻ ንግግሬ አልቋል። ንዑስ አንቀጹ አሁንም አለ። ጉባኤው ይወስን አልኩ። ፕሮፌሰሩ ተቃዋሚ እየሰበሰቡ ነው አሉ፤ ድምፁ እኩል ለእኩል ሊሆን ይችላል።

ሐሙስ ፲፩

ሁሉንም በሥርዓቱ ልጻፈው።

ጠዋት ንግግሬን በባዶው አዳራሽ ስለማመድ «የተከበራችሁ» እንዳልኩ ስልኬ ጮኸ። አማቼ ነው። «እማማ፣ ጀምሯል። እየሄድን ነው» አለ፤ ድምፁ ያው ዝግ ያለ። ከአዳራሹ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ሆስፒታሉ በር ላይ ልብስ ሰፊዋ አረንጓዴውን ጋዋን ለብሰው፣ ሁለተኛውን በክንዳቸው አንጠልጥለው ቀድመውኛል።

ልጄ በመመዝገቢያው ባንኮ ላይ ተደግፋ ታምጣለች። ተረኛዋ አዋላጅ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ «እህቴ፣ የምጥ አጋርሽ ማን ነው?» አለቻት። እኔ ባጄን አስተካከልኩ። ልብስ ሰፊዋ የጋዋናቸውን ቁልፍ ቆለፉ። ልጄ ምጡ እስኪያልፍ ቆየች፣ ሁለታችንንም አየችን፣ ዓይኗ እንባ አቀረረና፣ «ባሌ» አለች።

ልብስ ሰፊዋ አንድም ቃል ሳይናገሩ ጋዋናቸውን አወለቁና ለልጃቸው አለበሱት። እጅጌው ክርኑ ላይ ቆመ። እንደዚያው ሆኖ ሚስቱን ደግፎ ገባ፤ በሩም ተዘጋ።

ተቀመጥን። እኔ ምንም አልተሰማኝም። ልብስ ሰፊዋ መሀረብ ሰጡኝ።

ምጡ ገፋ። ልጄ ስትጮኽ በድምፁ ብቻ የት እንደደረሰች አውቃለሁ፤ ሙያዬ ነው። «ገና ነው፣ አትግፊ» አልኩ በሹክሹክታ፤ በሩን ነበር የማነጋግረው። ልብስ ሰፊዋ፣ «እትዬ፣ በሩ ገብቶታል» አሉኝ።

ትንሽ ቆይቶ ተረኛዋ ብቅ አለች። ግራ ቀኝ አየችና፣ «ክብርት፣ ይግቡ ግድ የለም። ያ ንዑስ አንቀጽ አለ አይደል? ማንም አይናገርም» አለችኝ።

ተነሣሁ። እውነቱ ይህ ነው፤ ተነሣሁ። በዚህ መካከል ፕሮፌሰሩ እያነከሱ መጡ። ነገሩን ከፊታችን አነበቡት።

«ይግቡ ክብርት። እናት ነዎት። እኔም ዓይኔን እጨፍናለሁ» አሉ። በደግነት ነው ያሉት። ነገር ግን ማክሰኞ ጉባኤው ላይ ያንን ዓይን እንደሚገልጡት ሁለታችንም እናውቃለን፤ የዚህን ክፍል ደንብ አርቃቂዋ ራሷ ከጣሰችው ማን ይጠብቀዋል?

ልክ ያን ጊዜ ውስጥ ጸጥ አለ። ምጥ ላይ ጸጥታ ስንት ዓይነት ነው። ጥሩው አለ፤ ሌላም አለ። እጄ የበሩ እጀታ ላይ ነበር። እጀታው ቀዝቃዛ ነበር። ከውጭ የትኛው ጸጥታ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም፤ ይህን ያህል ዘመን ሠርቼ መለየት አልቻልኩም።

«ልጄ የሰጠችው ስም የኔ አይደለም» አልኩ። እጄን አነሣሁ። ሁለቱም እጆቼ የት እንደሚቀመጡ ስላላወቁ ልብስ ሰፊዋ ያዙልኝ።

ከውስጥ የልጄ ድምፅ ወጣ፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእርሷ ሰምቼ አላውቅም፤ «“ጎሽ” አትበለኝ! ላም አይደለሁም!»

ፕሮፌሰሩ ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። ልብስ ሰፊዋ ሳቁ። እኔ እየሳቅሁ ይሁን እያለቀስኩ እንጃ። ቀጥሎ የመጣው ድምፅ ቀጭንና የተናደደ ነበር፤ በዓለም ላይ ገና ምንም ያልተናገረ ሰው ድምፅ።

አማቼ ወጣ። አልወደቀም። እናቱን አቀፈና ከዚያ በኋላ ነው ጉልበቱ የከዳው፤ በወንበር ያዝነው። «ሴት ናት» አለ ከወንበሩ።

ልጄ ዘንድ ስገባ ፊቷ ላብ ብቻ ነው። እንኳን በሰላም ተገላገልሽ አልኳት። ሌላ ንግግር ሊመጣልኝ ሲል እጄን ያዘችኝ።

«እማዬ፣ አዝነሽብኛል?»

«ደንቡ…»

«ደንቡን ተይው። አንቺ አጠገቤ ብትሆኚ “ልክ ነው የጮኽኩት? ልክ ነው የተነፈስኩት?” እያልኩ ልፈተን ነበር። ምጡን አንቺ ትወስጂው ነበር። የራሴ እንዲሆን ፈለግሁ። በር ላይ እንዳለሽ ግን አውቅ ነበር። እንደዚያ የጮኽኩት ለዚያ ነው።»

ላቧን ጠረግሁላት። ዝም ማለት ለካ ይቻላል።

ማክሰኞ ፲፮

ጉባኤው ተካሄደ። ንግግሬን ሳላነብ፣ ንዑስ አንቀጽ ሦስትን ያስገባሁት እኔ መሆኔን ተናግሬ እንዲሰረዝ ሐሳብ አቀረብኩ። ምክትሌ «እደግፋለሁ!» ሲል ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር።

ፕሮፌሰሩ እጃቸውን አነሡ። «ክብርት ፕሬዚዳንት፣ ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት የታወቀ ነው። ልጅዎ እንኳ በሙያው አንደኛ የሆኑትን እናቷን ውጭ አስቀምጣ የእንስሳት ሐኪም ካስገባች፣ እናቶች መምረጥ ያውቃሉ ሊሉን ነው?»

ወረቀቴን አጠፍኩ።

«ክቡር ፕሮፌሰር፣ አንድ በር በደንብ መዘጋቱ የሚታወቀው ቁልፍ ያለው ሰው ሳይከፍተው ሲቀር ነው። ሐሙስ ዕለት እጀታውን ይዤ ተውኩት። ተዘግቷል። ይህን በር ለሌሎች እናቶችም እንድትሰጡልኝ እለምናለሁ» አልኩ።

ድምፅ ተሰጠ። በጠባብ ልዩነት አለፈ። ፕሮፌሰሩ እጃቸውን በመጨረሻ ሲያነሡ አየሁ፤ በየትኛው በኩል እንዳነሡት ለመጻፍ ፈቃድ አልሰጡኝም። «የጉልበት ምንጣፍ ግን በጀት ይያዝልኝ» ብለዋል። ተይዟል።

ከጉባኤው ቀጥታ ልጄ ቤት ሄድኩ። በር ላይ ቆሜ አንኳኳሁ። ያለ ጥሪ እዚያ ቤት ሳንኳኳ የመጀመሪያዬ ነው። ልጄ ከፈተችና «ምን ሆነሽ ነው የምታንኳኪው?» አለችኝ። «ልግባ?» አልኳት። ሕፃኗን ከነመጠቅለያዋ ክንዴ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ስለዚህ ይህን ደብተር ስዘጋ፣ ሾርባው ቀዝቅዞበት እንኳ ላደመጠኝ ባለቤቴ፣ ስለ ትዕግሥቱ ለአማቼ፣ ስለ መሀረቡ ለልብስ ሰፊዋ፣ ሐሙስ ዕለት በሩን ላልከፈተችልኝ ልጄ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ዛሬ በክንዴ ላይ እያዛጋች ለተቀበለችኝ ክብርት የልጅ ልጄም፣ በተሰማራችበት የመጥባትና የመተኛት ሥራ ሁሉ የተሟላ ስኬት እመኛለሁ፤ ማንን ከጎኗ እንደምታደርግም ራሷ ትምረጥ።